ለሚወድቅ ጥርስ

በሰባት ዓመቴ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የቀኝ ጉንጬ አበጠ። በመጀመሪያው ቀን እናቴ ንብ የነደፈኝ መስሏት ነበር። በማግስቱ ወደ በሩ ብርሃን አዙራ አፌን አስከፈተችኝና ስታየው ፊቷ ተለወጠ። ከታች በኩል ያለው መንጋጋዬ መሐሉ ጠቁሮ ተቦርቡሯል፤ ከሥሩ ድዴ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ መግል ቋጥሯል።  እናቴ ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀድዳ ፊቴን ከአገጬ እስከ አናቴ ጠምጥማ አሰረችው።

«ማንም ቢጠይቅሽ ጆሮዬን አሞኝ ነው በይ» አለችኝ። «እታለም ብትጠይቅሽም።»

እታለም የምንላት የአባቴን ታላቅ እህት ነበር። ቤቷን ከቤታችን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ረጅም፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። በመንደራችን በጠዳና በዙሪያዋ ጥርስ የምትነቅል እሷ ነበረች። የአዋቂውን በጉጠት ትነቅላለች። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ደግሞ «የወተት ጥርስ ነው» ይባልና ወደ እሷ ያመጡታል፤ ገና ያልበቀለውን ጥርስ ከድዱ ውስጥ በወስፌ ፈልቅቃ ታወጣለች። ያወጣችውን ትንሽ ነጭ ነገር በመዳፏ ይዛ «ይኸው፣ ልጅሽን የሚበላው ትል» እያለች ለእናትየው ታሳያለች። ለዚህ ሥራዋ ከማንም ምንም አትቀበልም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ያከብራታል።

ከእኔ በፊት እናቴ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ይህን ከቤታችን ሰው አልሰማሁም፤ የነገረችኝ ውኃ ስንቀዳ አንዲት ጎረቤታችን ናት። ልጅቱ በስድስተኛ ወሯ ተቅማጥ ያዛት። እታለም የወተት ጥርሷን አወጣችላት። ጭኗ ላይ አስተኝታ ጭንቅላቷን ግጥም አድርጋ የያዘችው እናቴ ነበረች። ደሙ አልቆም አለ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ አንድ ምንጭ ሲቀዱ፣ አንድ ወፍጮ ሲፈጩ ኖረዋል፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

እኔ ስወለድ እናቴ ለምንም ነገር አፌን ለማንም አላሳየችም። ባለቀስሁ ቁጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ተሰምቶ «ልጅቱ ምነው?» እንዳይባል፣ ንጹሕ ጨርቅ ማር ውስጥ ነክራ ታጠባኝ ነበር። ካደግሁም በኋላ ማር ሳልልስ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

እታለም የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። ከደጃፉ ቆማ አየችኝ።

«ምነው ልጅቱ ፊቷን ታሰረች?»

«ጆሮዋን አሟት ነው፣ እታለም» አለች እናቴ። እጇን ከሊጡ አላወጣችም።

እታለም ቀስ ብላ ገባች። አጠገቤ ተንበርክካ ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠጋችና ትንፋሼን አሸተተች። እስካሁን የማስታውሰው ዓይኗን ጨፍና እንዳሸተተች ነው።

«ጆሮ እንዲህ አይሸትም» አለች። ከዚያ ተነሥታ ሄደች።

ማታ አባቴ ከእርሻ ሲገባ ሁሉን ሰምቶ ነበር፤ እታለም በመንገድ ነግራዋለች። እግሩን እየታጠበ፣ ቀና ሳይል፣ «ነገ ትንቀለው» አለ።

«አትነካትም» አለች እናቴ።

«አንቺ ሴት፣ የወተት ጥርስ እኮ ነው! ዛሬ ባይነቀል ነገ ለሚወድቅ ጥርስ ምን ይኸን ያህል?»

«አትነካትም አልሁህ።»

አባቴ እግሩን የታጠበበትን ውኃ ይዞ ወጣ። እናቴ ለአባቴ ቃል ስትመልስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። 

እብጠቱ ግን ማንንም አልጠበቀም። በአራተኛው ቀን ወደ ላይ ወጥቶ ቀኝ ዓይኔን ከደነው። ቆዳዬ ተወጥሮ ያብለጨልጭ ነበር፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። እህል ሊበደር የመጣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አየኝና፣ እኔ የማልሰማ ይመስል፣ ለእናቴ «ወደ ዓይን የወጣ እብጠት ተመልሶ ወደ ልብ ይወርዳል፤ የወንድሜን ልጅ እንዲህ አድርጎ ነው የወሰዳት» አላት።

«ምን ላድርግ፣ አያ?»

«እታለም ጎረቤትሽ አይደለች? ምን ትጠብቂያለሽ?»

በአምስተኛው ቀን ጧት እናቴ ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልላ አነገተች፣ እኔን አዘለች፣ አባቴን «ጎንደር ገበያ መሄዴ ነው» አለችው። በሰባት ዓመቴ መታዘል አሳፍሮኝ ነበር፤ ግን እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። የእታለምን ደጅ ስናልፍ በሩ ክፍት ነው። እናቴ አላየችም። እኔ በአንድ ዓይኔ አየሁ፤ እታለም ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትመለከተናለች።

ጣልያን በሠራው መንገድ ጥቂት እንደሄድን አንድ የጭነት ማኪና ደርሶብን አሳፈረን። ስለ ሐኪሙ ለእናቴ የነገራት ይኸው ሾፌር ነበር፤ ከአንድ ወር በፊት፣ ገበያ ላይ፣ እንዲያው ለጨዋታ፦ «ጎንደር ሆስፒታል አንድ ፈረንጅ አለ፤ የተበሳ ጥርስ እንደ ጎማ ይለጥፋል!» ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። እናቴ ግን አልሳቀችም።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ተራችን ሲደርስ ነጭ ካፖርት የለበሰ የአገራችን ሰው፣ ድሬሰር የሚሉት የሐኪሙ ረዳት ነው፣ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባን። መሐል ላይ የብረት ወንበር አለ። ከወንበሩ አጠገብ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ጉጠቶች በተርታ ተደርድረዋል። ስድስት ይሁኑ ሰባት አላስታውስም። እናቴ እንዳየቻቸው እጄን ጨብጣ ወደ በሩ ተመለሰች።

«እናቴ፣ ወዴት ነሽ?» አለ ድሬሰሩ።

«ልትነቅሉት ነው።»

«ገና ሳይታይ?»

«ጉጠቱን አየሁት እኮ!»

ከመስኮቱ አጠገብ እጁን ይታጠብ የነበረው ፈረንጅ ዞረ። ቀጭን፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው። ድሬሰሩ በእነሱ ቋንቋ አንድ ነገር ነገረው። ፈረንጁ እጁን አደራርቆ መጣና ጨርቁን በጉጠቶቹ ላይ አጠፈባቸው። ከዚያ ለእናቴ ወንበሩን አመለከታት፤ እኔ ሳልሆን እሷ እንድትቀመጥበት። እናቴ ተቀመጠች፤ እኔን ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ።

አፌን በትንሽ መስታወት ብዙ ጊዜ አየው። ጉንጬን በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። ሲናገር ድሬሰሩ እየተቀበለ ወደ አማርኛ ይመልሰው ነበር።

«አይነቀልም ይላል። ከዚህ ጥርስ ሥር ሌላ ጥርስ ተኝቷል። ይኸኛው የዚያ ቦታ ጠባቂ ነው። ዛሬ ቢነቀል ከግራ ከቀኝ ያሉት ወደ ክፍቱ ቦታ ይጋደማሉ፤ ያኛው ጊዜው ሲደርስ መውጫ ያጣል። ሊያድነው ይሞክራል። ከዳነ አራት ዓመት ይቆያል።»

«አራት ዓመት?» አለች እናቴ። «ሊወድቅ አይደል?»

«ይወድቃል፤ በጊዜው። አሁን ግን እሱ አይደለም የሚያሳስበው።» ድሬሰሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘግይታችኋል ይላል። መግሉ ወደ ዓይኗ ሄዷል። ዛሬ ከፍቶ ያፈስሰዋል፤ መርፌም ትወጋለች። በሦስት ቀን ውስጥ እብጠቱ ካልጎደለ፣ ወይ ልጅቱ ማቃዠት ከጀመረች፣ ወዲያው ይዘሻት ነይ። ያን ጊዜ ጉዳዩ የጥርስ አይሆንም።»

እናቴ ራሴን ደረቷ ላይ አስደግፋ በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘችኝ።  ያን ጊዜ ሕመሙን የፈራችልኝ መስሎኝ ነበር። ያ አያያዝ ከዚያ በፊት አንዴ የያዘችው አያያዝ መሆኑን የተረዳሁት አድጌ ነው።

ሐኪሙ በእግሩ የሚረግጣት መዘውር ነበረችው፤ እሷን ሲረግጥ በእጁ የያዛት ቀጭን ብረት ትሽከረከራለች። ድምፁ ከጆሮዬ አልገባም፣ ከራስ ቅሌ ውስጥ ነው የተነሣው። ጮህሁ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ነገር ፈነዳና አፌ በመራራና ግም ነገር ተሞላ፤ የዚያኑ ጊዜ አምስት ቀን የተጫነኝ ነገር ከፊቴ ላይ የተነሣ ያህል ቀለለኝ። ቀዳዳው ውስጥ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ጥጥ አደረገበት። የቀረው መግል ፈስሶ እንዲያልቅ ለስምንት ቀን በጥጡ ብቻ ይቆይ፣ በስምንተኛው ቀን ተመለሱ ተባልን።

ልንወጣ ስንል ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ምን ትበላለች? ጣፋጭ ታዘወትራለች ወይ ይላል።»

«ምን ጣፋጭ አለ እኛ ዘንድ?» አለች እናቴ። «ማር ብቻ። ስትተኛ።»

ድሬሰሩ ይህን ሲነግረው ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀ።

«ማሩ ነው የበላው ይላል። አፏ ውስጥ እያደረ።»

«ማር?» አለች። «ማር መድኃኒት አይደል እንዴ?»

 በመንገዱ ላይ ያለችውን አዘዞን አልፈን ጠዳ ገባን። ቅቤው ሳይሸጥ ተመለሰ።

አባቴ መርፌ የተወጋሁበትን አይቶ የት እንደነበርን አወቀ፤ እናቴም ሐኪሙ ያለውን ነገረችው። «ለሚወድቅ ጥርስ አራት ዓመት ጠብቂ አሉሽ?» ብሎ ጠየቃትና ሳትመልስለት ወጣ። እናቴ ቀን መቁጠር ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን እብጠቱ እንዳለ ነበር። በሁለተኛውም። ግንባሬን በየሰዓቱ ትዳስሳለች፤ ትንሽ ካንቀላፋሁ ቀስቅሳ ታናግረኛለች፣ ማቃዠቴን ልታውቅ። በሦስተኛው ቀን ጧት ቀኝ ዓይኔ እንደ ክር ተከፈተ፤ በመጀመሪያ ያየሁትም እናቴን ነው፣ ጉልበቷን አቅፋ ከፊቴ ተቀምጣ።

በስድስተኛው ቀን እናቴ ወደ ምንጭ እንደወረደች እታለም በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«ነይማ» አለች።

ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ አላውቅም፤ እሷን እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ቤቷ ውስጥ ጨለማ ነው። ወደ ምድጃው አስጠጋችኝና አስቀመጠችኝ። ጉጠቱ ከምድጃው አፍ ላይ ተቀምጧል። አገጬን ያዘች፣ አፌን ከፈተችው፣ ጣቷን ወደ ውስጥ ሰድዳ ጥርሱን ነካችው። አላመመኝም። ጥጡን አገኘችው። ጣቷን አውጥታ አሸተተችው።

«ቅርንፉድ» አለች ለራሷ። «ትሉን ዘጉበት።»

ጉጠቱን አነሣች። እኔ አልጮህሁም። ጉጠቱን ወደ አፌ አምጥታ ከከንፈሬ ላይ ስታደርሰው ብረቱ ጥርሴን መታ መታ ሲያደርግ ሰማሁት።  ብዙ ቆየች። ከዚያ ጉጠቱን ምድጃው አፍ ላይ መለሰችው፣ በሁለት እጇ ጉልበቷን ይዛ ቁጭ አለች፤ ያን የመሰለ የደከመ ፊት ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

«ሂጂ» አለችኝ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

አልነገርሁም። እናቴ እስክትሞትም አልነገርኋት።

በስምንተኛው ቀን ጎንደር ተመለስን። ሐኪሙ የጥርሱን ሥር በቀጫጭን መርፌ ጠርጎ ነጭ ጭቃ የመሰለ መድኃኒት ሞላበት፣ ከላይ ብር በመሰለ ነገር ደፈነው። ማር እንዳልልስ፣ ጧትና ማታ ጥርሴን በመፋቂያ እንድፍቅ አዘዘ። ያ ጥርስ እስከ አሥራ አንደኛ ዓመቴ ቆየ። አንድ ቀን ቆሎ ስበላ እጄ ላይ ወደቀ፤ ሥሩ ተበልቶ አልቆ ባዶ ቆብ ብቻ ነበር። ከሥሩ የወጣው ጥርስ አሁንም አለኝ፤ ቀጥ ያለ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሸጋ ነበር።

እናቴ ግን ያቺን ብር የመሰለች ድፍን ይዛ ሌላ ሰው ሆነች። ቤታችን የመጣችን ሴት ሁሉ አፌን አስከፍታ ታሳያት ነበር። «እዩ፣ ሳይነቀል! ሐኪም እያለ በወስፌ ምን ያስፈልጋል?» ትላለች፤ ድምፁ በቁልቋሉ አጥር ላይ ተሻግሮ እንደሚሄድ ታውቃለች። አባቴ «ተይ፣ የእህቴን ስም አታጥፊ» ይላታል። አትተውም። እታለም ከአጥሩ ማዶ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ወደ እሷ የሚመጡት እናቶች ግን እየቀነሱ ሄዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ውስጥ አንዲት ወጣት ጎረቤታችን የሰባት ወር ወንድ ልጇን አዝላ ወደ እታለም ቤት ስትሄድ እናቴ ከደጃችን አየቻት። ልጁ ሁለት ቀን ተቅማጥና ትኩሳት ይዞታል። «የወተት ጥርስ ነው አሉኝ» አለች ወጣቷ፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው።

«ጥርስ አይደለም» አለች እናቴ። «ሐኪም ይየው። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ይኸን ሁሉ ጭቃ?»

እናቴ ጠራችኝ። «ክፈቺ!» አለች። ከፈትሁ። ወጣቷ እናት ጎንበስ ብላ ጥርሴን አየች። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ነበር፤ አያለቅስም። ለቅሶ የተወ ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ።

እሺ አለች። ተያይዘው ወጡ። የዚያን ቀን ዝናቡ ከጧት ጀምሮ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት፣ ያሳፈራቸው የጭነት ማኪና አዘዞ ሳይደርስ ከመንገድ ተንሸራቶ በዋልካው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ወርደው በእግራቸው ሄዱ። እናቴ ልጁን ተቀብላ አዝላው ነበር። የአዘዞ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ እናትየው «እስኪ ላጥባው» አለች። እናቴ ልጁን ከጀርባዋ ስታወርደው ሞቷል።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ከእኛ ደጅ ሆኜ አየኋቸው። እናትየው ልጁን ታቅፋ ከፊት፣ እናቴ ወደ ኋላ ራቅ ብላ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጥቁር ጭቃ ተለብጦ። ይህን አይቶ መንደሩ ሁሉ አወቀ።

በለቅሶው ላይ ማንም እናቴን አልሰደባትም። ግን በተቀመጠችበት ሰሌን ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ሴቶቹ «እታለም ዘንድ ቢሄድ ኖሮ» እያሉ ሲያንሾካሹኩ እኔ ሰምቻለሁ፤ እሷም ሰምታለች። የልጁ እናት ፊቷን ወደ እናቴ አላዞረችም። እናቴ አላለቀሰችም፤ መሬት መሬቱን ታያለች።

እታለም ዘግይታ መጣች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። እሷ ግን አልፋቸው ሄዳ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። ትከሻቸው ተነካካ። እኔ ከኋላቸው ነበርሁ።

«አንቺ ባትወስጅውም ይሞት ነበር» አለች እታለም በዚያ ዝግ ባለ ድምጿ።

«በምን አወቅሽ?» አለች እናቴ።

«አላወቅሁም» አለች እታለም። «ያቺን ልጅሽን ባሰብኋት ቁጥር ለራሴ እንዲህ እለዋለሁ። አሥር ዓመት ሆነኝ።»

 እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ ታረቁ ማለት አልችልም። እታለም የአዋቂ ጥርስ መንቀሏን ቀጠለች፤ ሕፃን ሲያመጡላት «ዓይኔ ደክሟል» ብላ ትመልሳለች። ከተመለሱት ጥቂቶቹ ጎንደር ሄዱ። የቀሩት ከወንዙ ማዶ ሌላ ነቃይ አገኙ፤ ስለዚያች ሴት ጥሩ አይወራም ነበር። እናቴ አፌን ለማንም ማስከፈቷን ተወች። ሴቶች መጥተው «ምን ይሻላል?» ሲሏት «እኔ እንጃ» ትላለች። ብቻ ክረምት ክረምት፣ ጧት እሳት ሳታያይዝ፣ ደጅ ወጥታ ትቆምና ታዳምጥ ነበር። ከየትኛውም አቅጣጫ፣ ሌሊቱን ሕፃን ከሞተበት ቤት የሚሰማ ለቅሶ አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ነው ወደ ቤት የምትገባው።